የመለኪያው ሸሚዝ

አባቴ የወንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ወደ ጠመንጃ ያዥ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ ነበር፤ ዛሬ ቦታው ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ መሀል ላይ ደግሞ እኔ ያደግሁበት ትልቅ ጠረጴዛ። ያደግሁበት ስል ከሥሩ ማለቴ ነው። እናቴ የሞተችው አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። አባቴ የሚያስቀምጠኝ ዘመድ ስላልነበረው ጨርቅ ከሚቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ አንጥፎ አስቀመጠኝ። ሰውን በጫማው መለየት የተማርኩት እዚያ ነው። ዛሬም አዲስ ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው፤ ባለቤቴ ነውር ነው እያለ ሲቆጣኝ ይኖራል።

ቁጥር መጻፍ ስችል ከጠረጴዛው ሥር ወጣሁ። አባቴ ሜትሩን በደንበኛው ትከሻ ላይ እየዘረጋ ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ። ከትምህርት ቤት መልስ ሥራዬ ይኸው ነበር።

በሱቁ ጥግ በመጋረጃ የተከለለች፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ቦታ ነበረች። እዚያ ሚስማር ላይ አንድ ነጭ ሸሚዝ ተሰቅሎ ይውላል። ስስ ነው፣ ሰፋ ያለ ነው፣ ኪስ የለውም። ኮት የሚለካ ሰው ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ዘበኛ፣ መጀመሪያ መጋረጃው ኋላ ገብቶ የራሱን ልብስ ያወልቅና ያንን ሸሚዝ ለብሶ ይወጣል። «የኔ ሜትር ካለዚህ ሸሚዝ ትክክል አይናገርም» ይል ነበር አባቴ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። ሸሚዙን በየሁለት ቀኑ የማጥበውና በከሰል ካውያ የምተኩሰው እኔ ስለነበርኩ እንደምጠላው መናገር አያስፈልግም። የአካባቢያችን ሌሎች ልብስ ሰፊዎች ደንበኛቸውን ከነሸሚዙ ለክተው ይሸኙታል፣ ኮቱም ልክ ይሆናል። የኛው ነገር የአባቴ አመል ነው ብዬ ከደመደምኩ ቆይቻለሁ።

ደርግ መጥቶ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የሱቁ ቤት የቀበሌ ሆነና እኛ የቀበሌ ተከራይ ሆንን። አባቴ «የወሰዱት ግድግዳውን ነው፣ መቀሱን አልወሰዱትም» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። እየቆየ ሱፍ የሚባል ነገር ከገበያ ጠፋ። ሰው ሁሉ ካኪ ማሰፋት ጀመረ፤ ካኪ ያልወደደ ደግሞ አሮጌ ኮቱን ያስገለብጥ ነበር። ኮቱ ስፌቱ ይፈታል፣ የነጣው ፊት ወደ ውስጥ፣ ፀሐይ ያልነካው ወደ ውጭ ይዞርና እንደገና ይሰፋል። ችግሩ የደረት ኪሱ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ይመጣል፤ ምንም ማድረግ አይቻልም። በዚያ ዘመን የደረት ኪሱ በቀኝ በኩል የሆነ ሰው መንገድ ላይ ሳይ «የኛ ነው ወይስ የሌላ?» እያልኩ ስፌቱን እመረምር ነበር። ሙያውን በደንብ የተማርኩት በዚሁ ሥራ ነው። መቶ ኮት የፈታ ሰው ኮት ውስጡ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባ አለኝ። አላለቀስኩም። ሱቁ ነበረኝ፤ በዚያ ላይ የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ገብቼ መዝፈን ጀምሬአለሁ። ግጥሙ ሁልጊዜ ስለ ምርትና ስለ ላብ አደር ነው። እኔ ግን እንኳን ለላብ አደር ለጎመንም ቢሆን እዘፍን ነበር፤ መድረኩን ብቻ አይከልክሉኝ። ባለቤቴን ያገኘሁት እዚያው ነው። ቀን አውቶብስ ይጠግናል፣ ማታ ማታ የኪነቱን ክራር ይመታል። ተጋባን፣ በዓመቱ ሴት ልጅ ወለድን። የምትውልበት ቦታ ስንፈልግ ብዙም አልተጨነቅንም። አባቴ ጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ አነጠፈ።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ መቁረጥ። በኛ ሙያ የሚሰፋ ብዙ ነው። ልብስ ሰፊ የሚባለው ግን የሚቆርጠው ነው፤ ሌላው የሱን መስመር ተከትሎ ይሄዳል። የሴት ቀሚስ የሚቆርጡ ሴቶች በሰፈሩ ነበሩ፣ የወንድ ሙሉ ልብስ የምትቆርጥ ሴት ግን እኔም አላየሁም፣ ያየ ሰውም አልገጠመኝም። የመጀመሪያዋ እኔ እንድሆን ፈልጌ ነበር። አባቴን በወር አንዴ እጠይቀዋለሁ።

«ገና ነሽ» ይለኛል።

«ሴት ስለሆንኩ ነው?»

«አይደለም። አንድ ቦታ ስለማትቀመጪ ነው። አንድ እግርሽ እዚህ፣ አንዱ ልምምድ ቦታ፣ አንዱ ቤትሽ።»

«ሦስት እግር አለኝ ማለት ነው?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ።»

ፋሲካ ካለፈ በኋላ በነበረ አንድ እሑድ አባቴ የቀበሌ ስብሰባ ሄደ። ከስብሰባ የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገብ ስለነበር መቅረት አይታሰብም። እኔ ልጄን አዝዬ ሱቅ እጠብቃለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ለሜይ ዴይ በዓል ልምምድ ነበረን። ልክ በሩን ልዘጋ ስል አንድ ሰው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ገባ። አብነት አካባቢ የሚኖር የሒሳብ መምህር ነው፣ ሠላሳዎቹን የጨረሰ፣ ቀጭን። ጥቅልሉን ጠረጴዛው ላይ ሲፈታው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጥቁር ሰማያዊ የእንግሊዝ ሱፍ ነው። የብል መድኃኒት ይሸታል፣ ግን አንድም ቦታ አልተነካም።

«አባቴ ናቸው የገዙት» አለኝ። «ለውጡ ሳይመጣ በፊት። ለሠርግህ ብለው። እሳቸው አረፉ፣ እኔም ቆየሁ። ይኸው አሁን ግንቦት ላይ፣ ግንቦት ልደታ ካለፈች በኋላ ባለችው እሑድ ላገባ ነው።»

እንዲህ ያለ ጨርቅ ተበላሽቶ ቢገኝ ምትኩ በአገሩ አልነበረም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አባቴ ቢኖር መጀመሪያ የሚያደርገው ሸሚዙን ማስለበስ ነበር። ሸሚዙ ግን ጠዋት ታጥቦ አልተተኮሰም፤ ካውያ ለማቀጣጠል ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ልምምዱ ሊጀመር አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። «ጃኬትዎን ያወልቁ» አልኩት፣ ቸኩዬ።

«ግድ የለም እህቴ፣ ከላዩ ይለኩኝ» አለና የጃኬቱን ቁልፍ እንደመያዝ አደረገ። ፊቱ ቀላ።

ሴት ስለሆንኩ አፈረ ብዬ ነው ያሰብኩት። እኔም ብሆን ብቻዬን ወንድ ለክቼ ስለማላውቅ አፍሬአለሁ፤ ባለማውለቁ እንዲያውም ደስ አለኝ። ከጃኬቱ ላይ ለካሁት፣ ጃኬቱ ሥር ደግሞ ወፍራም ሹራብ አለ። ከያንዳንዱ ቁጥር በግምት ቀንሼ ጻፍኩና በሩን ዘግቼ ሮጥኩ። ልምምዱ ላይ አረፈድኩ፣ ግን ያን ቀን ድምፄ ጥሩ ነበር።

አመሻሹ ላይ አባቴ ጨርቁን አየ። ጫፉን በጣቶቹ መሀል አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ደብተሩን ገለጠ።

«ለክተሽዋል?»

«አዎ።»

«ሸሚዙን ለብሶ?»

«አዎ» አልኩ።

ያችን ሁለተኛዋን «አዎ» ሳስብ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። አባቴ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ፣ እኔን አየ፣ ጨርቁን አየ። «ነገ ቁረጪው» አለኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ኖሮ የሚበላሽ ነገር አልነበረም፤ መምህሩ ተመልሶ መጥቶ ይለካል፣ አለቀ። ግን ብናገር «ነገ ቁረጪው» የሚለው ቃል እንደሚመለስ አውቃለሁ። ትንሽ ሰፋ ቢል ነው፣ ደግሞም ቀንሻለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ሰኞ ቆረጥኩት። አባቴ እንዳላፍር ጀርባውን ሰጥቶኝ በር ላይ ተቀመጠ። መስመሩን በጠመኔ አሰመርኩ፣ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ፣ ትልቁን መቀስ አነሳሁ። ያን ጨርቅ ስቆርጥ የተሰማኝ ደስታ ሠርጌ ቀን ከተሰማኝ አያንስም፤ ባለቤቴ ይህን ስነግረው ሁልጊዜ ያኮርፋል።

ሐሙስ መምህሩ ለመጀመሪያው ልክ መጣ። ካውያዬን ከጠዋት አቀጣጥዬ ሸሚዙን ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ፤ አባቴ «ይልበሱልን መምህር፣ ያለሱ የኔ ሜትር ትክክል አይናገርም» አለው። መምህሩ መጋረጃው ኋላ ገብቶ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። በዓይኔ መዘንኩት። ባለፈው ከለካሁት ሰውዬ ግማሹ ነው። በረጃጅም ክር የተያያዘውን ኮት አለበስኩት። የኮቱ ትከሻ ከመምህሩ ትከሻ ወርዶ ተንጠለጠለ፣ እጅጌው ጣቶቹን ዋጠ። የታላቅ ወንድሙን ኮት ሰርቆ የለበሰ ልጅ መሰለ።

አባቴ አንድ ጊዜ ዞረው። አንድ ጊዜ ደግሞ እኔን አየኝ። ወዲያው ፈገግ ብሎ «እኛ የመጀመሪያውን ልክ አስፍተን ነው የምንቆርጠው፤ ውድ ጨርቅ ላይ የሚያስፈራው መጥበቡ ነው» አለው።

መምህሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «እኔማ በአራት ቀን ይህን ያህል ከሳሁ ብዬ ደንግጬ ነበር!»

አባቴ ራሱ እንደገና ለካው። ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። መሀል ላይ ከመጋረጃው ኋላ ካለው መደርደሪያ መርፌ እንዳመጣ ላከኝ። ገባሁ። ሚስማሩ ላይ የመምህሩ ጃኬት ተሰቅሏል፣ ከጃኬቱ ሥር ሹራቡ፣ ከሹራቡ ሥር የራሱ ሸሚዝ። ሸሚዙ ጀርባ የለውም። ኮሌታውና የእጅጌው ጫፎች አዲስ ናቸው፤ ጀርባው ተቆርጦ ነው እነሱ የሆኑት። በጀርባው ፈንታ የዱቄት ከረጢት ጨርቅ ተጥፎበታል፣ የከረጢቱ ጽሕፈት ገና ይታያል። ስፌቱ ረጃጅም ነው፣ የወንደላጤ ስፌት። ራሱ ነው የሰፋው። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ሙቀት ቢሆንም ጃኬቱን እንደማያወልቅ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። መርፌውን ይዤ ስወጣ ፊቱን ማየት አፈርኩ።

መምህሩ ከሄደ በኋላ አባቴ በሩን ገርበብ አደረገው።

«ያን ሸሚዝ ለምን የሰቀልኩት ይመስልሻል?»

«ለልክ...»

«ለልክማ ሜትር አለ» አለኝ። «ሰው አዲስ ልብስ የሚያሰፋው አሮጌው ስላለቀ ነው። ያለቀውን እንድናይበት ግን አልመጣም። ሁሉም ሰው ከለበሰው፣ ሚኒስትርም ቢመጣ ከለበሰው፣ መጋረጃው ኋላ የሚቀረውን ማንም አያይም። ይኸው ነው።»

ከልጅነቴ ጀምሮ አጥቤዋለሁ፣ ተኩሼዋለሁ፣ ረግሜዋለሁ። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። በዚህም ላይ አመሌ አይለቀኝምና «አንተም እኮ ዋሽተኸዋል» አልኩት። «አስፍተን ነው የምንቆርጠው ብለህ።»

«እኔ የዋሸሁት ለሱ ብዬ ነው። አንቺ ግን ለራስሽ።»

ኮቱን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ፍቺውና እንደገና ቁረጪው» አለኝ። «የሰፋ ነገር ይጠባል። ከዚህ በኋላ ግን ቁልፍ መትከል ይበቃሻል።»

ልቤ ተሰበረ። አለቀስኩ፤ ልጄም ጠረጴዛው ሥር ሆና እኔን አይታ አለቀሰች። የማደርገው ሲጠፋኝ «ኪነቱን እተዋለሁ» አልኩት። የምወደውን ነገር ብሰጠው መቁረጡ ይመለስልኛል ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ነው እውነተኛ ቁጣው የመጣው።

«ዘፈኑ አይደለም የዋሸኝ!» አለ። «እናትሽ ስትሞት እኔ ኳስ ተውኩ። በረኛ ነበርኩ፣ ጎበዝ በረኛ። እስከ ዛሬ ያመሰገነኝ ሰው የለም፤ ጉልበቴ እንኳ አላመሰገነኝም። አንቺም ትተሽ ሲያበቃ ነገ ልጅሽን በአንቺ ምክንያት ነው ልትያት ነው? ዝፈኚ። ስትዘፍኚ ዝፈኚ፣ ስትለኪ ለኪ።»

አባቴ በረኛ እንደነበረ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ኮት ማጥበብ ሲያወሩት ቀላል ነው። ትከሻው ከተነካ ኮሌታው ይነካል፣ ኮሌታው ከተነካ ደረቱ፤ ሁሉንም ፈትቼ ከመጀመሪያው መጀመር ነበረብኝ። ባለቤቴ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ይመጣል። ግራሶ የነካውን እጁን በነጭ ጋዝ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በሳሙና ይታጠብና ክሩን አንድ በአንድ ይነቅልልኛል፤ ሞተር ለሚፈታ ሰው ኮት መፍታት አያቅተውም። እኔ እየሰፋሁ የሜይ ዴይን ዘፈን ለራሴ አንጎራጉራለሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ስፌቴን ሲመረምር ቆየና «ድምፅሽ ወደ ላይ ሲወጣ ስፌትሽ ይረዝማል» አለኝ። አየሁት፤ እውነቱን ነው። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሁሉ ስፌቱ ተዘርግቷል። ከዚያ በኋላ እጅጌ ስሰፋ ዝቅ አድርጌ ብቻ እዘፍን ጀመር። በማግስቱ አባቴ ባለቤቴን «ክራሩንም አምጣው፣ እዚሁ ተለማመዱ፤ እሷም ከመመላለስ ትረፍ» አለው። ከኪነቱ ልጆች ሁለት ጨምረው መጡ፤ የሚያልፈው ሁሉ በመስኮት እያየ ይስቅብን ነበር። እኔ ግን ከዚያች ሳምንት የበለጠ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ አላስታውስም። ሥራዬም፣ ልጄም፣ ባሌም፣ ዘፈኔም አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ማንም ማንንም አልገፋም።

ሜይ ዴይ ዘፈንኩ። አባቴ ልጄን እሽኮኮ አድርጎ ከሰዉ ዳር ቆሞ ሰማኝ፤ ሲያልቅ «ጥሩ ነው፣ የቁልፍ ቀዳዳው ግን አልተሠራም» ብሎ ይዞኝ ሄደ።

በግንቦት ልደታ ማግስት፣ የሰፈሩ ሰው ትናንት የበላው ንፍሮ ፍሬው ገና ደጃፉ ላይ ተበትኖ እያለ፣ መምህሩ መጣ። አባቴ ሆን ብሎ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብሎ አሮጌ ሱሪ ይተርትራል። ነጩን ሸሚዝ ከሚስማሩ አውርጄ ሰጠሁትና ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ይልበሱልኝ መምህር፣ ያለሱ ልኩ አይታየኝም» አልኩት። አልሳቅኩም፣ አላፈርኩምም። ለብሶ ወጣ፣ ኮቱን አለበስኩት።

ትከሻው ላይ ቁጭ አለ። እጅጌው ከአንጓው ላይ ቆመ። ጀርባው አንድ ሽብሽብ አልነበረውም። መምህሩ መስታወት ፊት ለፊት ብዙ ቆየ። «አባቴ ቢያዩ...» አለና አልጨረሰውም። ሲወጣ አባቴን ጨብጦ «እጅዎን ይባርከው» አለው። አባቴ ወደኔ አገጩን ቀና አደረገና «እሷን ነው የሚመርቁት» አለው። ለኔ ግን ምንም አላለኝም። እሑድ ሠርጉ አለፈ፤ ሰኞ ጠዋት አባቴ የካኪ ኮት አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ስምንት ቁልፍ ቆጥሮ ሰጠኝ።

ቁልፍ ተከልኩ። ግንቦት አለቀ፣ ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ጀመረ፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። አልጠየቅኩትም። ለመጀመሪያ ጊዜ በወር አንዴ የምጠይቀውን ጥያቄ ተውኩት፤ መጠየቅ መብቴ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ጠዋት ተስፋ ቆርጬ እነሳና ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዘፈን እያንጎራጎርኩ እገኛለሁ። ሸሚዙን ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳይተኮስ አላሳደርኩትም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የመሥሪያ ቤት መኪና በራችን ላይ ቆመና አንድ ወፍራም ሰውዬ ዝናቡን እየሸሸ ገባ። ጥሩ ጫማ አድርጓል። አመዳማ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አባቴን «ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ሰምቼ ነው የመጣሁት። ሙሉ ልብስ ነው፣ አሁኑኑ ይለኩኝ» አለው። አባቴ ልጄን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዳቦ በሻይ እየነከረ ያጎርሳት ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

«ልብስ ሰፊዋ እሷ ናት» አለው። «እኔ ልጅ ይዣለሁ።»

ሰውዬው የተቀለደበት መሰለው። «ቆራጩ ማን ነው ማለቴ ነው» አለ፣ ድምፁን ጠንከር አድርጎ።

«እሷ ናት አልኩዎት እኮ» አለ አባቴ።

እጄ ላይ የነበረው ቁልፍ ወደቀ። ሰውዬው አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴን ያያል፤ አባቴ ሐሳቡን እንዲለውጥ እየጠበቀ መሆኑ ያስታውቃል። አባቴም ይህ ገብቶት መሰለኝ ተነሳ፣ ልጄን በጋቢው ጠቀለላት፣ ጃንጥላውን ያዘ። «ዝናቡን ላሳያት» አለና በሩን ከኋላው ዘግቶ ወጣ። አባቴ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው ከሱቁ ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር።